በቁሐር እህል የቀመስኩበት ቤት

ወደ ፎገራ ሄጄ መመለሴን የሰሙ ጓደኞቼ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጣና ነው። ጣናን ያየሁት ከሩቅ፣ ከመኪና መስኮት፣ ያውም በአቧራ ውስጥ ነው። ገዳማቱን አልተሳለምኩም፤ ጢስ ዓባይንም አላየሁም። ያየሁት ሜዳ፣ ጭቃ፣ ችካልና የሰው ደጃፍ ነው። ወደዚያ አገር የመሄድ አጋጣሚ ለማይኖራችሁ የምጽፍላችሁም ይህንኑ ነው። ደስ የሚያሰኝ ወሬ ፈልጎ የሚያነብ ካለ ከወዲሁ ቢተወው አልቀየመውም።

ኮሌጅ እንደ ጨረስኩ ሥራ የያዝኩት በአንድ የውጭ አገር የአማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት ውስጥ በአስተርጓሚነት ነው። ድርጅቱ ራሱ መንገድ አይሠራም፤ ድልድይም አያቆምም። መንገዱ በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል ለክቶ ለመንግሥት ይመክራል፤ የሚሠራው ሌላ ነው። በብዙ አገር ቢሮ አለው። አዲስ አበባ ባለው ቢሮ ግድግዳ ላይ የመሥራቹና ከእሳቸው በኋላ የመጡት አለቆች ሥዕል በተርታ ተሰቅሏል። በሌሎቹም አገሮች ያው ሥዕል በዚያው ተርታ እንደሚሰቀል ነግረውኛል። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በፎገራ ሜዳ የሚያልፈውን አሮጌ መንገድ ለማቅናትና ከፍ ለማድረግ መስመር ሊለካ ሲወጣ እኔም እንድከተል ታዘዝኩ።

ቅዳሜ

ከቤት የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘችኝና በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አስያዘችኝ። በመኪናው ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን። አንደኛው የመስመሩ ኃላፊ ሚስተር ኮልቢ ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ለማንም ሰው ኮፍያቸውን ሳያወልቁ የማያልፉ ሰው። ሁለተኛው ሹፌራችን ጋሽ ደምሴ ነው። የቀሩት መሐንዲሶችና ችካል ተሸካሚዎች ድንኳኑን ይዘው ቀደም ብለው ሄደዋል።

ሚስተር ኮልቢ ድፎውን አይተው፣ «መስመራችን በእናትሽ ቤት ስለማያልፍ ይህ ይፈቀዳል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ቆርሼ ስሰጣቸው በምስጋና በሉ።

የዓባይን በረሃ ስንወርድ መኪናው ጋለ። ጋሽ ደምሴ ክዳኑን ከፍቶ ሲያራግብለት፣ «ይህ መኪና እንደ አማቴ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ይቆጣል» እያለ አሳቀን። አንድ ነጋዴ ከአህያው ላይ ቅል አውርዶ ውሃ ሰጠን። ሚስተር ኮልቢ ለነጋዴው ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። ደብረ ማርቆስ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ያረፍንበት ሆቴል አልጋው የብረት፣ ብርድ ልብሱ ስስ ነበር። እኛ ቤት በዚህ ሰዓት ሽሮው ተነሥቶ አባቴ ራዲዮኑን ይከፍታል። እዚያ ግን ከአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የቆርቆሮ ሥጋ በብስኩት በላን። ሚስተር ኮልቢም የድርጅቱን ታሪክ ነገሩኝ፤ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የመጀመሪያውን ጉዞ ሲወጣ ከአለቃው አፍ የሚሰማው ታሪክ ነው።

መሥራቹ በእስያ ውስጥ በአንድ አገር የባቡር ሐዲድ መስመር ያስለኩ ነበር። ከሠራተኞቻቸው አንዱ ወጣት መሐንዲስ አንድ ባለርስት ቤት እራት በላ። በማግሥቱ መስመሩ የባለርስቱን የፍሬ አትክልት ዞሮ አለፈ። መዞሩ ለሥራው የሚገባ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም። አገሩ ግን «በእራት ነው» አለ። ወሬው ከአገር አገር ዞሮ ድርጅቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። ከዚያ በኋላ መሥራቹ ሕግ አወጡ፦ መስመር ከሚያልፍበት ሰው ቤት እህል አይቀመስም፣ ውሃም አይጠጣም።

«እኛ የምንሸጠው ድንጋይ ወይም ብረት የለንም» አሉ ሚስተር ኮልቢ። «የምንሸጠው ምክር ነው። ምክር ደግሞ በንጹሕ እጅ ካልተሰጠ ማን ይገዛዋል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነቀኝ። አባቴ አንዲት ጉዳይ ለማስፈጸም በስንት ሹም ደጅ እንደ ጠና፣ ስንት ጊዜ በግ እየጎተተ እንደ ሄደ አውቃለሁና፣ እንዲህ ያለ ሕግ ለእኛም በኖረን ብዬ ተመኘሁ። «ሰው ሳያስበው ቢቀምስስ ምን ይደረጋል?» ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር። ድምፄ ዝቅተኛ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አልሰማቸው እያለ እንድደግም ያደርጉኛል። አፈርኩና ተውኩት።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ በጎጃም ስንጓዝ ውለን ባሕር ዳር ገባን። ድንኳኑ ከከተማው ወጣ ብሎ ተተክሎ ነበር። የድርጅቱ ድንኳን በየትም አገር ይሁን በየት አንድ ዓይነት ነው፤ የአለቃው በስተ ምሥራቅ፣ የማድ ቤቱ ከነፋስ በታች፣ የአስተርጓሚው ለብቻው። አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ በጨለማ ቢያስቀምጡት እንኳ በየትኛውም አገር የጨው ቆርቆሮው የት እንዳለ ዳብሶ እንደሚያገኝ ነገረኝ። በኩራት ነበር የነገረኝ። እኔ ግን ያን ያህል አገር ዞሮ የጨውን ቦታ ብቻ ማወቅ ምን ያኮራል እያልኩ ተኛሁ።

ሰኞ

ወረታ ስንደርስ የወረዳው ምክትል ገዥ ከነሰዎቻቸው መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁን። ወረታ በአሮጌው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቂት የቆርቆሮና ብዙ የሣር ቤቶች ያሏት ከተማ ናት። የጭነት መኪኖች ቆመው ያድሩባታል። ከእኛ ሰፈር የሚለያት፣ እኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ ሰው በአጥር አጮልቆ ማየቱ ነው፤ እዚያ ግን ሰው ሁሉ ወጥቶ ጉልበት ስሞ ይቀበላል። ምክትል ገዥው ቤት ሙክት ታርዶ፣ ጠጅ ቀርቦ፣ አጎዛ ተነጥፎ ጠበቀን።

ሚስተር ኮልቢ ኮፍያቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ። «ሕጋችን አይፈቅድልንም በይልኝ» አሉኝ።

አልኩ። ምክትል ገዥው ወደ እኔ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ጾም ይዘዋል?»

«አይ፣ አልያዙም።»

«አሟቸዋል?»

«ጉልበታቸውን ነው እንጂ ሌላ ደኅና ናቸው።»

«ታዲያ በጉልበታቸው ነው እንዴ የሚበሉት?» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥለው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ በእኛ አገር ያላበላ ሰው ንፉግ ይባላል። አልበላም ያለ ሰው ግን ስሙ ሌላ ነው። ለነፍሳችን ብለን አንጠራውም።»

ይህን ለሚስተር ኮልቢ ስተረጉም «ቅር ብሏቸዋል» ብቻ አልኩ። እሳቸውም «ሁልጊዜ መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል» አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ግን ከሹማምንቱ መካከል ገብቶ ጎድኑን ይግጥ ነበር። ኋላ ሳገኘው፣ «ሕጉ አንተን አይመለከትም?» አልኩት።

«እኔ የምጠመዝዘው መኪናውን ነው እቴ፣ መስመሩን አይደለም። አንቺ ነሽ ጉድ የሆንሽው። የተማረ ሰው ይራባል ሲባል አልሰማሽም?»

እውነቱን ነው። ሚስተር ኮልቢን ብጠይቅ፣ ሹፌር እንደማይገደድበት፣ እኔ ግን የድርጅቱ ጆሮና አፍ ስለሆንኩ ከመሐንዲሶቹ እኩል እንደምያዝ ነገሩኝ።

ማክሰኞ

ቁሐር ሚካኤል ከወረታ ሩቅ አይደለም። አገሩ እንደ እጅ መዳፍ ዝርግ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሞልተው በሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ሰዎቹ ከቤት ወደ ቤት በታንኳ የሚሄዱበት ጊዜ አለ። እኔ ባየሁበት በጥር ግን ውሃው ሸሽቶ ሽምብራውና ጓያው አረንጓዴ ለብሶ ነበር። ከብቶቻቸው ግዙፍ ናቸው። አዲስ አበባ ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ላም ከነዚህ ጋር ብትቆም ጥጃ ትመስላለች።

መሐንዲሶቹ በሦስት እግር የቆመውን መነጽራቸውን እያዩ፣ ችካል እያስመቱ መጡና ከአንዲት ጉብታ ደረሱ። ጉብታዋ ላይ አንድ የሣር ቤት፣ አንድ በረትና አንድ የታሰረ ውሻ አለ። ችካሉ የተመታው ከቤቱ ደጃፍ ፊት ለፊት ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጠጂቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ እጃቸውን ወገባቸው ላይ የሚያደርጉ።

«ይህ እንጨት ምንድን ነው በያቸው» አሉኝ።

መንገዱ በዚያ እንደሚያልፍ ነገርኳቸው።

«ቤቴ ላይ?»

«አዎ፣ እማማ።»

አልጮኹም። ሄደው የጉብታውን አፈር በእፍኛቸው ዘገኑና አምጥተው አሳዩኝ። በሜዳው ያለው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ይህኛው ግን ቀላ ያለ ነበር። «ይህን አፈር እግዜር አላስቀመጠውም። ከዚያ ከኮረብታው ሥር፣ በጋ በጋ፣ እኔና ሟቹ በጀርባችን ነው ያመጣነው። ስንጋባ ውሃው እስከ መኝታችን ይገባ ነበር። ልጆቼን አዝዬ ተሸክሜያለሁ። ቤቱንስ ነቅዬ እወስደዋለሁ ልጄ፤ ጉብታውን በምን ልውሰደው?»

የቁሐር ቄስ፣ ቄስ ሞላ፣ እዚያው ነበሩ። «ከዚህ ወዲያ ያለው የግጦሽ ባዶ ሜዳ ነው። ትንሽ ገለል ቢሉ ማንንም አይነኩም። አንቱ ለሰውዬው ንገሩልን» ሊሉኝ ብለው እኔ ልጅ መሆኔን አይተው ሳቁና፣ «ንገሪልን» አሉኝ።

ለሚስተር ኮልቢ ሁሉንም ተረጎምኩ፤ አንዲት ቃል አላስቀረሁም። እሳቸውም ጉብታውን ዞረው አዩ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ካርታቸውን ዘረጉ። በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው፣ «ማጠፉ ምንም አያስቸግርም። ሥራውም አይጎዳም። ነገ ጠዋት ችካሉን እንነቅላለን» አሉኝ። «ግን ችካሉ እስኪነቀል ድረስ ለማንም አትንገሪ። የምናደርገውን እንጂ የምናስበውን አንናገርም። ይህም ሕግ ነው።»

አልተናገርኩም። በሆዴ ግን ደስታው ሞልቶኝ ነበር። ለወይዘሮ ጠጂቱ ፈገግ ብዬ እጅ ስነሣ ግራ ገባቸው።

ከቀትር በኋላ መሐንዲሶቹ ወደ ፊት ሄዱ፤ እኔ በመስመሩ ዳር ያሉ ቤቶችን ባለቤቶች ስም እየጠየቅሁ ወደ ኋላ ቀረሁ። ያለ ወቅቱ ዝናብ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ዋልካ ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን የአዲስ አበባ ልጅ አያውቅም። ጫማዬን ዋጠው። ሁለተኛውን ጫማዬን ላድን ስጎትት ከቦይ ውስጥ በጀርባዬ ወደቅሁ። ብርዱ አጥንቴ ገባ። ከወደቅሁበት ያነሡኝ ወይዘሮ ጠጂቱ ናቸው፤ ከጉብታቸው ላይ ሆነው አይተውኝ በዝናቡ ወርደው መጡ። ውሻቸው ሊበላኝ ሲንጠራራ ሰንሰለቱን አሳጥረው አሰሩት።

ልብሴን አስወልቀው በጋቢያቸው ጠቀለሉኝ፤ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠቡኝ። እኔ ሰው እግሬን ሲነካኝ የማፍር ነኝ፤ እጃቸውን ልይዝ ስል መታ አደረጉኝ።

«ዝም በይ። የማን ልጅ ነሽ አንቺ፣ እናት የለሽም?»

«አለኝ።»

«እንዲህ አክስታ ነው የላከችሽ?»

ትኩስ ወተት በዋንጫ አቀረቡ። ከጎኑ የሽምብራ ቂጣ፣ ቅቤ የተቀባ። ሕጉ ትዝ አለኝ።

«እማማ፣ እኔ መቅመስ አይፈቀድልኝም።»

«ማነው የከለከለሽ?»

«አለቃዬ።»

«አለቃሽ ብርዱ ያዘው?» አሉና ዋንጫውን እጄ ላይ አደረጉት። «አፈር ስሆን። በሞቴ። ከእኔ ቤት ርጥብ ሰው ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም። ብትሞችብኝ ደግሞ እናትሽን ምን እላታለሁ?»

ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጠጣሁ፤ በላሁም። ስለ ችካሉ አንዲት ቃል አላነሡም። የጠየቁኝ በአዲስ አበባ ሴቶች ጸጉራቸውን ምን እንደሚያደርጉትና እኔ ለምን እስካሁን እንዳላገባሁ ብቻ ነው። «ድምፅሽ ነው የጎዳሽ» አሉኝ። «ወንድ ልጅ ቢጠይቅሽም እሺታሽ አይሰማው።» እኔ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ እንደዚያን ቀን የሳቅሁበት ቀን የለም።

ረቡዕ

ጠዋት ሚስተር ኮልቢ በድንኳናቸው ውስጥ ካርታውን ዘርግተው፣ ችካሉ የሚዛወርበትን ሥፍራ በእርሳስ እያሰመሩ አገኘኋቸው። የተዋስኩትን የወይዘሮ ጠጂቱን ጋቢ በክንዴ ይዤ ነበር።

«ትናንት ከዝናቡ የት ተጠለልሽ?»

«ወይዘሮ ጠጂቱ ቤት።»

እርሳሳቸው ቆመ። «የቀመስሽው ነገር አለ?»

ለመዋሸት ጊዜ ነበረኝ። የሚቀጡት ግን እኔን መስሎኝ እውነቱን ተናገርኩ። እንዲያውም ሊያባርሩኝ ይችላሉ ብዬ ሌሊቱን ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

እርሳሱን አስቀመጡት። ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በጣም አዝናለሁ። መስመሩ አይታጠፍም።»

ያልገባኝ መስሏቸው ደገሙልኝ።

«ግን ወስነው ነበር!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ትናንት ጠዋት፣ እኔ ከመብላቴ በፊት ወስነው ነበር።»

«ወስኜ ነበር። ችካሉን ግን አልነቀልኩም። ለሰው የሚታየው ችካሉ ነው። ከእራት በፊት ወዲህ፣ ከእራት በኋላ ወዲያ።»

«ይህን የምናውቀው እርስዎና እኔ ብቻ ነን።»

«ሁለት ሰው አይበቃም?»

«እንግዲያው እኔን ያባርሩኝ።»

«ለምን አባርርሻለሁ? እውነቱን ተናገርሽ። እኛ የምንፈልገው እንዳንቺ ያለ ሰው ነው። ብትሄጂ ደግሞ የበላሽው አይመለስም።»

«ሴትዮዋ እኮ ምንም አልጠየቁኝም።»

«አምንሻለሁ» አሉ። «ሕጉ ግን የሰውን ልብ አያይም። የሚያየው ሆዱን ነው።»

ማዘናቸው እውነት ነበር። ባያዝኑ ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር። ካሳ እንዲከፈላቸው ለመንግሥት እንደሚመክሩም ነገሩኝ። ጉብታ በካሳ እንደማይገዛ እሳቸውም ያውቃሉ።

ከቀትር በፊት የመንደሩ ሰው ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ጭቃ ሹሙ፣ ቄስ ሞላና ወይዘሮ ጠጂቱ ከፊት ተቀመጡ። ሚስተር ኮልቢ ምክንያቱ ሕጉ እንደሆነ ሳይሸሸግ እንዲነገር ፈለጉ። የድርጅቱ ልማድ ነው፤ ምክንያት አይደበቅም። የምናገረው ግን እኔ ነኝ።

ጀመርኩ። ጭቃ ሹሙ፣ «ጮክ በይ እንጂ ልጄ፣ መርዶ ነው እንዴ?» አሉ።

ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ቄስ ሞላ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። መስመሩ የማይነሣው ስላላበላችሽ ነው ያልሽ፣ ወይስ ስላበላችሽ?»

«ስላበሉኝ ነው፣ አባ።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ቄስ ሞላ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «እኔ ድርሳን ሳነብ ነው ያረጀሁ። እንግዳ ተቀብሎ የተባረከ ብዙ አለ። እንግዳ ተቀብሎ ቤቱ የፈረሰበት ግን ዛሬ መስማቴ ነው።»

ወይዘሮ ጠጂቱ እኔን ብቻ ያዩ ነበር።

«ከደጄ ብመልስሽ ኖሮ ቤቴ ይቆም ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቦይ ውስጥ ብተውሽስ?»

«ይቆም ነበር።»

«ውሻው ቢነክስሽስ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ውሻዬን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ለራሳቸው እንጂ ለማንም አልነበረም። ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ። ጋቢያቸውን ሰጠኋቸው። «ይሁን። ብርዱስ ለቀቀሽ?» አሉኝ።

ሚስተር ኮልቢ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። «ብርዱ ለቀቀሽ ወይ አሉኝ» አልኩ።

«እንዴት ያለ ጨዋነት ነው» አሉ። ያን ቀን ሁለተኛ አላነጋገርኳቸውም፤ እሳቸውም አላስገደዱኝም።

ሐሙስ

የሚስተር ኮልቢ ጉልበት በዝናቡ ስለ ባሰ ወደ ዋንዛዬ ፍልውሃ ሄድን። መስመሩ እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ እዚያ መብላትም መጠጣትም ይፈቀዳል። እኛ አዲስ አበባ ፍልውሃ ስንሄድ በር ተዘግቶ ለብቻ ነው የምንታጠበው። እዚያ ሴቶቹ ተሰብስበው፣ አንዷ የአንዷን ጀርባ እያሸች፣ ሕመሟን ለሁሉ እየተናገረች ነው። እኔ ልብሴን ሳላወልቅ ዳር ተቀመጥኩ። አንዲት ባልቴት ቆሎ ልትዘግንልኝ ስትል ጎረቤቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ፣ የቁሐሯ ልጅ ናት።»

«ማን?»

«የበላችበት ቤት የሚፈርስ።»

ባልቴቷ ቆሎውን እንደ ያዘች ቀረች። መስመሩ ዋንዛዬ እንደማይመጣ ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን ማን ያምናል? ከወንዶቹ በኩል ደግሞ አንድ ጎልማሳ ጋሽ ደምሴን እጁን ይዞ፣ «እኔ ባላንጣ አለኝ፤ ልውሰዳችሁና እሱ ቤት ጠግባችሁ ብሉልኝ» እያለ ይለምነው ነበር። ጋሽ ደምሴ እስከ መኪናው ድረስ ሲስቅ መጣ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወና ቀሪውን መንገድ ስለ መኪናው ብቻ ተናገረ።

ዓርብ

የርብን ወንዝ ተሻግረን ወደ ይፋግ ተጠጋን። ፀሐዩ የማክሰኞን ጭቃ አድርቆ እንደ ሸክላ ሰነጣጥቆት ነበር። በመንገዱ ዳር ያሉ ሰዎች ሰላምታ አይነፍጉንም፤ ከሩቅ ቆመው እጅ ይነሡናል፤ «እንደምን አላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ይላሉ። «ግቡ» የሚል ግን አንድ ሰው የለም። ወደ ገበያው የሚሄዱ ሴቶች እኛን ሲያዩ የማር ቅላቸውንና የወተት ማለቢያቸውን ወደ ሌላው ትከሻ ያዞራሉ። ልጆች እንኳ የያዙትን እሸት ከኋላቸው ይሸሽጋሉ።

ሚስተር ኮልቢ ይህን ሁሉ በደስታ ነበር የሚያዩት። ምክትል ገዥው ቤት የገጠማቸው ዓይነት መከራከር ቀረላቸው። «በብዙ አገር ለክቻለሁ» አሉኝ። «ሕጋችንን እንዲህ ፈጥኖ የተረዳ ሕዝብ አላየሁም። ለዋናው ቢሮ ይህን እጽፋለሁ።» ቀጥለውም ስንመለስ በቋሚነት ልቀጠር እንደምችል፣ ሌላ አገር ወዳለው ቢሮም ሊልኩኝ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «አስቢበት» አሉ። አመሰገንኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የባለቤቶቹን ስም ለመጠየቅ እንደ ልማዴ ብቻዬን ቀረሁ። የያዝኩትን ውሃ ጋሽ ደምሴ ለመኪናው ጨምሮበት ነበር። ፀሐዩ ራሴን መታው፤ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። በመስመሩ ላይ ካለ አንድ ቤት ደረስኩ። ደጃፉ ላይ ልጅ ያዘለች፣ በዕድሜ እኔን የምታህል ሴት ቆማለች። ከኋላዋ፣ በጥላው ውስጥ፣ እንስራ ይታየኛል፤ ሆዱ ላይ ውሃው ያንጠባጥባል።

«እህቴ፣ ውሃ አጠጪኝ» አልኩ።

አየችኝ። «የቁሐሯ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

የጎጆዋን ጣሪያ ቀና ብላ አየች፤ ሣሩ አዲስ ነበር፣ ገና አልጠቆረም። ልጁን በጀርባዋ ላይ አስተካከለችው።

«ውሃስ ሞልቷል፣ እህቴ። የምሳሳው ለቤቴ ነው።» በእጇ ወደ ምሥራቅ አመለከተችኝ። «ከዚያች ሾላ ወዲያ ሂጂ። ያ ወገን እንጨታችሁ አልደረሰበትም፤ እዚያ ያጠጡሻል።»

በሩንም ዘጋችው፤ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይከፋው እንደሚዘጋ።